ካሜሊያዬ ሳታብብ እንቡጧን እያራገፈች ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው አትላንታ ነው። በረንዳችን ሥር የጃፓን ካሜሊያ የምትባል ትልቅ የአበባ ቁጥቋጦ አለችን። ጥቅምት ላይ እንቡጧ ጢም ብሎ ይታያል። ጥር ሲገባ ግን ጫፉ ቡናማ ይሆንና ሳይፈነዳ ይረግፋል። አንዱን ሰንጥቄ አየሁት፤ ውስጡ ጠቁሯል፣ ትል ግን የለበትም።

አዲሶቹ ቅጠሎችም ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ነው። ካሜሊያ አሲዳማ አፈር ትወዳለች፤ ፒኤች (የአፈር አሲዳማነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ይስማማታል። የቤቱ መሠረት ሲሚንቶ የአፈሩን አሲዳማነት እየቀነሰባት ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። ብርዱ ይሁን አፈሩ መለየት አቃተኝ።

አፈሩ አሲዳማ እንዲሆን ድኝ ልጨምርላት ወይስ ነቅዬ ከግድግዳው ላርቃት? ሥሯ ላይ ላዩን ስለሚሄድ መንቀሉ ያስፈራኛል። እናቴ በጣም ነው የምትወዳት፤ እንድትሞትብን አልፈልግም። እዚህ አካባቢ ካሜሊያ ያዛወራችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ወር እንደሚሻል ንገሩኝ።