የኤን ትሬ ሻሲ ስቆርጥ ዲስክ እየተሰበረብኝ ነው፤ እርዱኝ

ጠያቂው (አዳማ)
ወንድሞችና እህቶች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ግቢያችን የቆመውን የአባቴን ኤን ትሬ (የድሮውን የፊያት ጭነት መኪና) በግራይንደር፣ በዲስክ በሚቆርጠው የእጅ ማሽን፣ እየቆራረጥሁ ነው። አሁን ሻሲው፣ መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ ላይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ሦስት ዲስክ ተሰበረብኝ። የመጨረሻው ስባሪ ጆሮዬን ጭሮኝ አለፈና አጥሩ ቆርቆሮ ላይ ተሰካ። ነገ ጠዋት ቁርጥራጩን የሚወስደው መኪና ይመጣል። የትኛውን ዲስክ ልግዛ?

ሽማግሌው በያጅ
ልጄ፣ የግራይንደሩ ሽፋን በቦታው አለ? ሽፋኑን አውልቀው ትንሹ ማሽን ላይ ትልቁን ዲስክ የሚያስሩ ልጆች አሉ። ባለ 230 ሚሊሜትሩ ዲስክ የተሠራው በደቂቃ እስከ 6,600 ዙር ገደማ ነው፤ ትንሹ ማሽን ከ10,000 በላይ ይዞራል። ያን ጊዜ ስባሪው ከጥይት አይተናነስም።

ባለሱቁ
ርካሽ ዲስክ አትግዛ።

መንገደኛ
ለምን ትደክማለህ? እንዳለ በኪሎ ሽጠው፣ ገዢው ይቁረጠው።

ጠያቂው
በበሩ አይወጣም። ጋሼ፣ ማሽኑ ትልቁ ነው፤ ሽፋኑም አለ። ሻሲውን ሁለት ጫፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መሃሉን ነው የምቆርጠው።

የጋራዥ ልጅ
ሰባሪው እሱ ነው! መሃሉ በክብደቱ ወደ ታች ሲረግብ ቁራጩ ከላይ ይገጥምና ዲስኩን ይነክሳል። ድንጋዩን ወደ መቁረጫው መስመር አስጠጋ፤ የሚቆረጠው ጫፍ ወደ ውጭ ይንጠልጠል። ያኔ እየቆረጥህ በሄድህ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። እግርህን ከሥሩ አርቅ። መስቀለኛ ብረቶቹ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በተደፈነ የብረት ችንካር) የተያያዙ ከሆነ ደግሞ አትቁረጣቸው፤ የሪቬቱን ራስ በወፍራሙ የመሞረጃ ዲስክ ላጨውና በመዶሻ ምታው።

ባለሱቁ
ርካሹን ዲስክ ተው ብያለሁ።

መንገደኛ
እንግዲያው በእሳት ለመቁረጥ የኦክስጅንና የአሲቴሊን ጋዝ ሲሊንደር ተከራይ። ለጭሱም ወተት ጠጣበት።

ጠያቂው
እሱንም አስቤአለሁ፤ የነዳጅ ታንከሩንም አብሬ እጨርሰዋለሁ። ባዶ ነው፣ ከደረቀ ዓመታት አልፈውታል።

ሽማግሌው በያጅ
ተው ልጄ! እሳቱንም ግራይንደሩንም ከታንከሩ አርቅ። ደረቀ የምትለው ናፍጣ ዝገቱና ስፌቱ ውስጥ ተደብቋል፤ ብረቱ ሲግል ተን ይሆናል፣ ተኑም ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። ሙሉ በርሜል የማያደርገውን ባዶ በርሜል የሚያደርገው ለዚህ ነው። በውሃ አለቅልቄዋለሁ ብለህም አትመን። ብሎኑን ፍታና ሳትቆርጥ እንዳለ ስጣቸው፤ በበሩ ይወጣል። ሲሊንደር ከተከራየህም ቅባት የነካው እጅ የኦክስጅኑን መክፈቻ አይንካ፤ አሲቴሊኑ ቆሞ ይታሰር። ወተቱ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ የቀለሙ ጭስ የሚገባው ሳንባ ነው። ቀለሙን አስቀድመህ ፋቅ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ድንጋዩን አስጠግቼ አንዱን ጎን ቆረጥሁ፤ ዲስኩ አልተሰበረም። ከታንከሩ አራት ብሎኖች ሦስቱ ተፈትተዋል፣ አንዱ እምቢ ብሏል። በእሳት ባሞቀውስ?

ሽማግሌው በያጅ
አይሆንም! ዘይት አጠጣውና ይደር። ጠዋት በረጅም ቁልፍ ሞክረው።

የጋራዥ ልጅ
ተፈታ ወይስ አልተፈታም? ጻፍልን።