ሽልማቱ እኩል ከሆነ ሚኒማው ለምን ተለያየ?

የአደባባዩ ሯጭ፦

ጤና ይስጥልኝ። ማለዳ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ አብረን በምንሠራ ሰዎች መካከል የተነሣው ክርክር መቋጫ ስላጣ፣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ብዬ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ባልደረባችን የሚለው እንዲህ ነው፦ በቦስተን ማራቶን አንደኛ የሚወጣ ወንድም ሆነ አንደኛ የምትወጣ ሴት 150,000 ዶላር፣ ሁለተኛ የሚወጡት ደግሞ 75,000 ዶላር ይወስዳሉ፤ ገንዘቡ እኩል ነው። ሚኒማው፣ ማለትም በሻምፒዮና ለመሰለፍ ቀድሞ መሮጥ ያለበት ሰዓት፣ ግን እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ቶኪዮ ላይ ለተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ከወንዶች 2:06:30፣ ከሴቶች 2:23:30 ነበር የተጠየቀው። የወንዶቹ ሚኒማ በወቅቱ ከነበረው የኬልቪን ኪፕተም የዓለም ክብረ ወሰን፣ ከ2:00:35 ማለት ነው፣ የሚዘገየው 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሴቶቹ ግን ከሩት ቼፕንጌቲች 2:09:56 ከ10 በመቶ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ «ለሴቶቹ ቀሎላቸዋል» ባይ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ ስለማይችል ሚኒማውን በሰፊው ያሟላ የእኛ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከእሱ በብዙ ደቂቃ የሚዘገይ የሌላ አገር ሯጭ ሲሰለፍ በቴሌቪዥን ያያል። ይህ እንዴት ፍትሐዊ ሊባል ይችላል? የስሜት ሳይሆን የመረጃ መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ሒሳብ ሠራተኛው ከካዛንቺስ፦

የባልደረባዎ ስሌት በቁጥር ደረጃ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። ሚኒማ ከክብረ ወሰን ላይ በመቶኛ ተቀንሶ የሚወጣ ነገር አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ የሚከተለው አሠራር ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ በሰዓት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከውድድር ውጤቶቻቸው በሚሰላ የደረጃ ነጥብ እንዲገቡ ማድረግ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የሚወሰነው በዓለም ዙሪያ ስንት ሯጭ ያንን ሰዓት ይሮጣል በሚለው ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ካሸነፈ ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን እንዲሮጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደላቸው፤ በዚህ ዘግይቶ በተከፈተ በር የገባው የሴት ሯጮች ቁጥር ከወንዶቹ ቢሳሳ የሚያስገርም አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ባልደረባዎ የወሰዱት ክብረ ወሰን ነው። 2:09:56 የተሮጠው ወንድ አሯሯጮች፣ ማለትም ፍጥነቱን ለመጠበቅ ፊት ፊት የሚሮጡ፣ ባሉበት ድብልቅ ውድድር ላይ ነው። (ቼፕንጌቲች በ2025 ከአበረታች መድኃኒት ጋር በተያያዘ ለሦስት ዓመት ታግዳለች፤ ክብረ ወሰኑ ግን አልተሰረዘም።) ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ውድድር በወቅቱ የነበረው ክብረ ወሰን ትዕግስት አሰፋ በ2025 ለንደን ላይ ያስመዘገበችው 2:15:50 ነው። የሻምፒዮናው ሚኒማ ከዚህኛው የሚዘገየው 5.6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከወንዶቹ ጋር ያለው ልዩነት እጅግ ይጠባል። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ልረታቸው አልችልም፤ ሴቶች ሚኒማውን በድብልቅ ውድድርም ማሟላት ይፈቀድላቸዋልና።

ጡረተኛ አሰልጣኝ፦

የሦስቱን ኮታ ጉዳይ በአንድ ምሳሌ ልመልስ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የእኛ ቡድን መጀመሪያ ሲታወቅ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ያውም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አሯሯጭ በሌለበትና ዳገት በሚበዛበት የኒውዮርክ ማራቶን የቦታውን ክብረ ወሰን በ2:04:58 ሰብሮ ያሸነፈ ሯጭ። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ባይለቅለት ኖሮ ታምራትም እንደ እኛው ከቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ ነበር። እንደሚታወሰው በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ። ከአገሩ አራተኛ ተብሎ የነበረው ሰው ከዓለም አንደኛ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ኮታው ይነሣ የሚሉትን አልደግፍም። ኮታው ቢነሣ በሁለቱም ጾታ መስመሩ ላይ የሚቆሙት በአብዛኛው የእኛና የኬንያ ሯጮች ይሆናሉ፤ ኦሊምፒክ ደግሞ የብዙ አገሮች ሯጮች የሚገናኙበት መድረክ ነው። ነገር ግን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ያለፈው ውድድር አሸናፊ ከኮታው ውጭ በቀጥታ ይገባል፤ ቡዳፔስት ላይ በወንዶች አራት ሆነን የሮጥነውም ታምራት ከዚያ በፊት በነበረው የዩጂን ሻምፒዮና ስላሸነፈ ነበር። ኦሊምፒኩ ይህንን በር የማይከፍትበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ በፊት ግን የራሳችንን ቤት እንይ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሯጮችን የመረጥነው ሰበታ ላይ በተደረገ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሲሆን፣ በወቅቱ በታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ሰዓት፣ 2:01:41፣ የነበረው ቀነኒሳ በቀለ አልወዳደርም በማለቱ ከቡድኑ ውጭ ሆነ። ማጣሪያ መደረጉ በራሱ ክፋት የለውም። የምርጫው መንገድ ግን ሯጩ የዓመቱን ውድድር ከማቀዱ በፊት ታውቆ ማደር ነበረበት። አንዴ በሰዓት፣ አንዴ በማጣሪያ የሚመረጥበት ቤት ውስጥ የውጪውን ሕግ ብቻ መውቀስ አያምርብንም።

የፒያሳዋ፦

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እኔ የጎዳና ሩጫ ትቻለሁ፤ በሮጥኩባቸው ዓመታት ግን ስለ እኩልነት ሲወራ ይነገር የነበረው የአንደኛው ቼክ ብቻ ነበር። ለንደንን ተመልከቱ፤ በቅርብ ዓመታት ለአንደኛ የሚሰጠው 55,000 ዶላር ሲሆን፣ ለወንድ ከ2:02፣ ለሴት ከ2:17:30 በታች ለገባ የሚጨመረው የሰዓት ጉርሻ ግን 150,000 ዶላር ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ከደረጃው ሳይሆን ከሰዓቱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሰዓት ደግሞ በሜዳው አቀማመጥ፣ በነፋሱና በአሯሯጮቹ ይወሰናል። ከዚህ ሌላ ለታዋቂ ሯጭ ብቻ የሚሰጥ የተሳትፎ ክፍያ አለ፤ መጠኑ በውል ተዘግቶ ስለሚቀር ወንዱ ስንት፣ ሴቷ ስንት እንዳገኙ ማንም ሊያመሳክር አይችልም። ፍትሕ ስለ መኖሩ ለመነጋገር መጀመሪያ ቁጥሩ መታየት አለበት።

ሚኒማውም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ማንም ሯጭ ተነሥቶ እዚሁ ሚኒማ አያሟላም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ስለሆነች በዚህ አየር 2:06 መሮጥ ዘበት ነው፤ ለከፍታ ተብሎ የሚቀነስ ሰዓት ደግሞ የለም። ስለዚህ ሜዳ ወዳለበት፣ አሯሯጭ ወደተቀጠረበት ከተማ መሄድ ግድ ይላል፤ ለመሄድ ግብዣ፣ ለግብዣው ማናጀር፣ ከዚያም ቪዛ ያስፈልጋል። ሰንዳፋ መንገድ ላይ አብራኝ ትሠራ የነበረች፣ በልምምድ እኔን ጥላ የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ ፓስፖርቷ ኤምባሲ ውስጥ እንዳለ ውድድሩ አለፈ። በዚያ ዓመት ስሟ ከየትኛውም የሰዓት ዝርዝር ላይ አልነበረም። 2:23:30 ለሁሉም አንድ ነው ቢባልም፣ ያንን ለመሮጥ የሚያስችለው ዕድል የሚታደለው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው።

የአደባባዩ ሯጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሴቶቹን ሚኒማ በተመለከተ ለባልደረባዬ የ5.6 በመቶውን ስሌት ነገ ጠዋት አደርሰዋለሁ፤ እንደማይዋጥለት ግን ከወዲሁ አውቃለሁ። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ሯጭ አሸነፈ ከተባለው ገንዘብ ላይ በእጁ የሚገባው ስንት ነው? እኛ የምንሰማው ሁልጊዜ የተጻፈውን ድምር ነው።

የፒያሳዋ፦

አሜሪካ ውስጥ 10,000 ዶላር አገኘሁ እንበል። ለውጭ አገር ሯጭ 30 በመቶ ግብር ከምንጩ ተቆርጦ ስለሚቀር 3,000 ዶላሩ መጀመሪያውኑ አይመጣም። ማናጀር በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ከሙሉው ገንዘብ ከተሰላ 1,500 ሆኖ ለእኔ 5,500 ይቀረኛል፤ ከግብር በኋላ ካለው ከተሰላ ግን 1,050 ሆኖ 5,950 ይደርሰኛል። የአሰልጣኝ ድርሻ ከዚሁ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀውም የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ ስለሆነ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራይ በብድር ነው።

የእኔ ውል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ መቶኛው ከሙሉው ገንዘብ እንደሚሰላ የሚገልጸው መስመር ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ማናጀሬ የነበረው ሰው ያንን ገጽ አላነበበልኝም፤ ፈርሚ የተባልኩት አራተኛው ላይ ነው። አሁን ሊፈርሙ የተዘጋጁ ልጆች የምታውቁ ከሆነ ያንን መስመር በአማርኛ አስነብቡላቸው፤ በትንሹ የ10,000 ዶላር ሽልማት ላይ እንኳ ልዩነቱ 450 ዶላር ነው።