ሁለታችንም የምናምነው የኮሚሽን ቆጠራ እንዴት ይሠራ?

የልጆች መጻሕፍትና መጫወቻ የማስተዋውቅበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። ከአንድ የአዲስ አበባ የኦንላይን ሱቅ ጋር በኮሚሽን እሠራለሁ። ስምምነታችን ቀላል ነው፦ በእኔ ሊንክ ገብቶ የገዛ ሰው ካለ ከሽያጩ 10 በመቶ ይደርሰኛል።

የተጣላነው ቆጠራው ላይ ነው። ሊንኩ ደንበኛውን የሚያስታውሰው ብሮውዘሩ ላይ በሚያስቀምጠው ኩኪ (ሰውየው በማን ሊንክ እንደገባ የሚይዝ ትንሽ መረጃ) ነው። የእኔ ተከታታዮች ግን ሊንኩን ቴሌግራም ውስጥ ከፍተው ዕቃውን ያዩና ለሱቁ ደውለው ያዛሉ። ክፍያው በቴሌብር ያልቃል። ኩኪው ይህን ሁሉ አያይም። "ካንተ አይቼ ገዛሁ" ብለው የጻፉልኝ ሰዎች ሪፖርቱ ላይ የሉም። በጣም ያሳዝናል፤ ብዙ የለፋሁበት ነው።

ገዢው ከእኔ እንደመጣ እንዲታወቅ ለተከታታዮቼ የሚሰጥ የቅናሽ ኮድ ሞከርን። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ሌሎች ቻናሎች ኮዱን ለጠፉት። ባለሱቁም "ላላመጣኸው ደንበኛ ልክፈልህ እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ዕቃ የሚመልስ ሰውም አለ፤ ኮሚሽኑ ቀድሞ ከተከፈለ ኪሳራው የእሱ ነው። ለዚህ እንኳ የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ ብያለሁ።

የሽያጭ ዝርዝሩን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው የደንበኞችን ስልክ ቁጥር አሳልፌ አልሰጥም አለ። ይህም ተገቢ ነው። ሰውየው ያታልለኛል ብዬ አላስብም፤ ሥራውንም መተው አልፈልግም።

ተመሳሳይ ሥራ የምትሠሩ ሰዎች፣ በስልክ ታዝዞ በቴሌብር የሚከፈልን ሽያጭ የደንበኛው ማንነት ሳይገለጥ ከባለሱቁ ጋር የምታመሳክሩት እንዴት ነው?