የህብለ ሰረሰር ታካሚያችን የደም ግፊት በድንገት እየናረ ተቸግረናል

ታካሚው ህብለ ሰረሰሩ ቲ4 (አራተኛው የደረት ክፍል) ላይ ከተጎዳ 5 ወሩ ነው። መደበኛ ግፊቱ 100/60 ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ወደ ግራ ጎኑ ስናገላብጠው 180/105 ይገባል፤ የልብ ምቱ ወደ 52 ይወርዳል፣ ራሱን ክፉኛ ያመዋል፣ ፊቱ ቀልቶ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ እግሩ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው ቀጥ አድርገን እናስቀምጠዋለን፣ ልብሱን እናላላለን፣ በየ5 ደቂቃው እንለካለን።

ፎሊ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) አልታጠፈም፤ ለማንኛውም ቀይረነዋል፣ ሽንቱም ጥርት ያለ ነው። የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ጄል ቀብተን ጥቂት ጠብቀን ፊንጢጣውን ፈትሸናል፤ የደረቀ ሰገራ የለም። መቀመጫውና ተረከዙ አልቆሰለም። ኒፌዲፒን የተባለው መድኃኒት ግፊቱን ያወርድለታል፤ መንስኤው ካልተነሳ ግን ይመለሳል፣ የሚያስፈራኝም አንጎሉ ውስጥ ደም እንዳይፈስ ነው። በግራ ጎኑ ሲተኛ ብቻ የሚቀሰቅሰውን ነገር ለማግኘት ቀጥሎ የት እንፈትሽ?