ወንድሜ የወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል፤ ምን ልጠብቅ?

የሰላ ድንጋይ ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ናቸው። ዛሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የ19 ዓመቱ ወንድሜ በግጦሽ ምክንያት ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣላና ዱላ ተማዘዙ። የዚያኛው ልጅ እጁ አብጦ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ የእኔ ወንድም ደግሞ በሚሊሻ ተይዞ የወረዳው ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። በቤታችን ታስሮ የሚያውቅ ሰው የለም። አባታችን ካረፈ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚደወለው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ፖሊስ ጣቢያ የማውቀው መታወቂያ የጠፋብኝ ጊዜ ካየሁት አይበልጥም።

ነገ ማለዳ ከላም በረት ተሳፍሬ እሄዳለሁ። እናቴ አንዱ ሰው “ሸዋ ሮቢት ያወርዱታል” ብሏት ስታለቅስ አመሸች። የአጎቴ ልጅ በበኩሉ መርማሪውን እንደሚያውቀው፣ አሁኑኑ ገንዘብ ከላክሁለት ሌሊቱን እንደሚያስፈታው ይምላል። እውነት እንዲህ ነው የሚሠራው? የት ነው የሚያድረው፣ ምን ይበላል፣ ይመቱት ይሆን? ቅዳሜና እሑድ ጣቢያው ይዘጋል? ፍርድ ቤት የሚቀርበውስ መቼ ነው? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መምህርቷ ከደብረ ሲና፦

አይዞሽ እኅቴ። ጣቢያ አይዘጋም፤ ቅዳሜም እሑድም ተረኛ አለ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት ሲወርድ በደረሰ ግጭት ተይዞ ስለነበር የበሩን ነገር እኔ ልንገርሽ፤ የሕጉን የሚያውቁ ይጨምሩበታል።

ምግቡን ከቤተሰብ እንደሚጠብቅ አድርገሽ ተዘጋጂ። በፕላስቲክ ሳህን ያዢ፤ ብርጭቆ፣ ሹካ፣ ቢላዋ አይገባም። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ክዳኑን አስከፍቶ ወጡን ካማሰለ በኋላ “ቅመሽው” ይልሻል። አትቆጪ፣ ለሁሉም ነው። እኔ አንድ ረቡዕ ለባለቤቴ የሥጋ ወጥ ይዤ ሄድሁ፤ እሱ መንገደኛ ነኝ እያለ አይጾምም። ቅመሽ ስባል ማዕተቤን አሳየሁት። ፖሊሱ ደግሞ የራሱን ማዕተብ አወጣና አሳየኝ። ቀማሽ ጠፍቶ ወጡ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሽሮ ብቻ ሆነ።

ከምግቡ ይልቅ ብርዱን አስቢ። ደጋ ነው ያልሽው፤ ሲሚንቶ ላይ የሚያድር ልጅ ሳንባውን ይታመማል። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የመንዝ ባና ከቤት ካለ እሱን አስገቢለት። ቀበቶና የጫማ ክር ስለሚወስዱባቸው ነጠላ ጫማ ያስፈልገዋል። በሶና ቆሎም ላኪ፤ አይበላሽም፣ ደግሞም አብረውት ላሉት ያካፍልበታል። የሚካፈል ነገር ይዞ የገባ ልጅ ቶሎ ሰው ያገኛል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለተረኛው አሳይተሽ በስሙ አስመዝግቢ።

አንድ ነገር ግን አደራ! ስትጠይቂው በአጥር ወይም በመስኮት በኩል፣ ከብዙ ሰው ጋር እየተጯጯኻችሁ ነው የምትነጋገሩት። ትንሽ ከተማ ነው፤ ከጎንሽ ቆማ ለሌላ ታሳሪ ምግብ የምታቀብለው ሴት የከሳሹ አክስት ልትሆን ትችላለች። “እንዴት መታኸው? በምን መታኸው?” ብለሽ እንዳትጠይቂው። በልተሃል፣ በርዶሃል፣ አሞሃል፤ ይህ ይበቃል።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ልጄ፣ ረጋ በይ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የዱላ መዝገብ በየሳምንቱ ከገበያ ማግስት ይመጣልን ነበር።

ለአጎትሽ ልጅ ሳንቲም እንዳትልኪ። በሰሜን ሸዋ መርማሪ የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም አንድ አለው። ገንዘቡ የት እንደሚቀር አታውቂም። ቢደርስም ጉቦ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አንዱ በዱላ ታስሮ ሌላው በጉቦ ይከተለዋል። ለእናትሽም ንገሪልኝ፦ ሸዋ ሮቢት ያለው ማረሚያ ቤት የፌዴራል ነው፣ በዋናነትም የተፈረደባቸው ሰዎች የሚገኙበት ነው። በግጦሽ ጠብ የተያዘ ተጠርጣሪ የሚቆየው እዚያው በወረዳው ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለሚደረግ ጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይቀነሳሉ የሚል ቃል የለበትም። በተግባር ግን ዓርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው ሰኞ ጠዋት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንቺም ለዚያ ተዘጋጂ። ነገ ስትደርሺ በየትኛው ቀንና ሰዓት ተያዘ ተብሎ እንደተመዘገበ በትሕትና ጠይቂና ጻፊው። አንዳንድ ጊዜ መያዙ የሚመዘገበው ጣቢያ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሚሊሻው በመንገድ ያቆየው ሰዓት ይጠፋል።

ፍርድ ቤት ሳይደርስም ሊፈታ ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ (የ1954ቱ) በአንቀጽ 28 ወንጀሉ ጽኑ እስራት (ለከባድ ወንጀል የሚሰጠው እስራት) የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪው ራሱ በዋስ ሊለቅ እንደሚችል ይደነግጋል። “በመታወቂያ ዋስ ወጣ” ሲባል የምትሰሚው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ግዴታ የለበትም፣ ግን ጠይቂው፤ መጠየቅ ጉቦ አይደለም።

ቃሉን ሲሰጥ የሚጠብቀውን ከዚሁ ይወቅ። መርማሪው ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎ ስለ ጠቡ። ስለ ጠቡ ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ከተናገረ ደግሞ ተነቦለት ሳይሰማ አይፈርም። የገበሬ ልጅ ወረቀት ሲቀርብለት አክብሮ ይፈርማል፤ በእኛ መዝገብ ቤት “እኔ እንዲህ አላልሁም” የተባለበት ስንት ፊርማ አይቻለሁ። ይመቱት እንደሆነ ጠይቀሻል። ሕጉ ይከለክላል፣ በማስገደድ የተወሰደ ቃልም ተቀባይነት የለውም። ነገ ፊቱንና አረማመዱን ልብ ብለሽ እዪ፤ የሆነ ነገር ካለ ዳኛው ፊት ራሱ ይናገር፣ ሐኪም እንዲያየውም ይጠይቅ።

ሰኞ ችሎት ላይ ፖሊሱ ቀድሞ ይናገራል፦ የተጎጂው የሐኪም ማስረጃ አልመጣም፣ የምስክር ቃል አልተቀበልንም፣ ስለዚህ ምርመራውን እስክንጨርስ የጊዜ ቀጠሮ ይሰጠን ይላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ያ ሕግ አልወሰነም። ቀጥሎ ዳኛው ወንድምሽን ምን ትላለህ ይሉታል። አብዛኛው ልጅ እዚያ ላይ ስለ ግጦሹ መተረክ ይጀምራል። አይተርክ። “ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፣ ከዚህ በፊት ተከስሼ አላውቅም፣ ዋስ አለኝ፣ ዋስትና ይፈቀድልኝ” ብሎ ይቁም።

የሐኪሙ ወረቀት ዋናው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጉዳቱ ቀላል ከሆነ አንቀጽ 556 ነው፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ፣ ዋስትናውም አያስቸግርም። ከባድ ከተባለ ግን አንቀጽ 555 ይሆናል። ያ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያደርስ የዋስትናው ክርክር ይከብዳል።

አሁን ደግሞ እጅግ የምጨነቅበት ነገር፣ ዋሱ። ዳኛ ዋስትና ፈቅደው፣ ቤተሰብ እልል ብሎ፣ ልጁ ግን ተመልሶ ጣቢያ ሲያድር ስንቱን አየሁ! ምክንያቱ ወረቀት ነው። የደመወዝ ዋስ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ፦ ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ፣ የወር ደመወዙ፣ በሌላ ዋስትና አለመያዙ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም። የቤት ዋስ ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫው ዋናው ይምጣ፤ ባለትዳር ከሆነ ሚስትም ባልም ይምጡ። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኙን እንደ ክርስትና ወረቀት አስቀምጪው፤ ልጁ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በእሱ ነው። ዋሱም የሚፈርመውን ይወቅ፤ ወንድምሽ ከቀረ ከፋዩ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለተራ ጠብ ነው። ጉዳዩ ከጸጥታ ጋር ከተያያዘ የምነግርሽ መንገድ በዚሁ ፍጥነት አይሄድም፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ጠበቃ ፈልጊ።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ መምህርት አንቺንም። ሰኞ ማታ ነው የምጽፈው። ወንድሜን ቅዳሜ አየሁት፤ ደህና ነው፣ ማንም አልነካውም። ባናውን ከአንድ ሽማግሌ ታሳሪ ጋር ተጋርቶ ተኛ። ዛሬ ጠዋት ቀረበ፤ ያሉኝን ብቻ ተናገረ፣ ግን ድምፁ አልወጣ ብሎት ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ፖሊስ 10 ቀን ጠየቀ። ያኛው ልጅ ለራጅ ወደ ደብረ ብርሃን ስለተላከ ውጤቱ አልመጣም፤ ዳኛዋ የዋስትናውን ጥያቄ ያኔ እናየዋለን ብለው ለዓርብ ቀጠሩ። ተሸነፍን ማለት ነው? ይግባኝ ልበል?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

አልተሸነፋችሁም። 10 ቀን ተጠይቀው ለዓርብ የሚቀጥሩ ዳኛ ፖሊሱን እያጣደፉት ነው። ዋስትና ከተከለከለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል፤ ለእናንተ ደብረ ብርሃን ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ገና ግን አልተከለከለም። አሁን ማመልከቻ ስታጽፊና ስትመላለሺ ዓርብ ይደርሳል። ዓርብ ፖሊሱ ተጨማሪ ጊዜ ከጠየቀ፣ ወንድምሽ “ባለፈው በተሰጠው ጊዜ ምን ተሠራ?” ብሎ ፍርድ ቤቱ እንዲጠይቅለት ያመልክት።

ገበሬው ከአንጎለላ፦

የሕግ ሰዎች ስታወሩ ሽማግሌ ረሳችሁ። እኅቴ፣ ሦስት አባቶች ከተጎጂው ቤት ላኪ። የሕክምናውን ወጪ ቻሉ፣ ይቅርታ ጠይቁ። ከሳሹ “ታርቄአለሁ” ካለ ነገሩ ያልቃል። ግጦሹ እዚያው ነው፤ ልጁ ቢፈታም ነገ እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ሽማግሌ መላኩን እደግፋለሁ፤ “ያልቃል” የሚለውን ግን አልቀበልም። ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ስለሆነ ከሳሹ ሲተወው ሊቆም ይችላል። ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ ከተመታ ግን ያው አንቀጽ 556 በንዑስ አንቀጽ 2 ያለ አቤቱታም ያስከስሳል፤ ዱላ ደግሞ እዚያ ውስጥ እንደሚገባ ዐቃቤ ሕጉ መከራከሩ አይቀርም። ዕርቁ ያኔ መዝገቡን አይዘጋም፣ ቅጣቱን ያቀልላል፤ ለዋስትናውም ይረዳል። ሌላው ጥንቃቄ፦ በዕርቅ ወረቀቱ ላይ “እኔ መትቼው” የሚል ቃል ገብቶ ወንድምሽ እንዳይፈርምበት። ያ ወረቀት ዞሮ ዐቃቤ ሕግ እጅ ይገባል። ቤተሰቡን ሽማግሌዎቹ ያናግሩ፤ ምስክሮቹን ግን ከእናንተ ወገን ማንም እንዳያናግር፣ ዋስትና የሚያስከለክለው እሱ ነው።

ገበሬው ከአንጎለላ፦

ይሁን፣ በዚህ ተስማምተናል። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ግን የወንድምየው ጓደኞች እንዳይከተሏቸው።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ ይሄዳሉ፤ አንዱ የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ዋስም አገኘሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ መምህር ነው፣ ደብዳቤውን ከትምህርት ቤቱ ሐሙስ አወጣለሁ ብሎኛል።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ረቡዕ ያውጣው። ሐሙስ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ይሄዳል።