የአባቴ ያሺካ፦ በ120 ፊልም ጀምሬያለሁ፤ 4 በ 5 ካሜራ ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ ቁም ሣጥኑን ስናስተካክል ያሺካ ማት 124 ጂ ካሜራውን ከነቆዳ ማኅደሩ አገኘሁት። ሁለት ሌንሶቹ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ፣ አንገትን ደፍቶ ከአናቱ የሚታይበት ካሜራ ነው። እኛን ልጆቹን ያነሳን የነበረው በዚህ ስለሆነ የመደርደሪያ ጌጥ እንዲሆን አልፈልግም። ልሠራበት እፈልጋለሁ። እስካሁን የማውቀው ዲጂታል ብቻ ነው።

ዘመዴ ከውጭ ስትመጣ አምስት ጥቅል ኢልፎርድ ኤች ፒ 5 የሚባል ጥቁርና ነጭ 120 ፊልም አመጣችልኝ። በመጀመሪያው ጥቅል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያቴንና ጓደኞቿን ነጠላቸውን እንደለበሱ አነሳኋቸው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ስለማይሠራ በስልኬ ለካሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሦስት ነገር ገጠመኝ፦ ነጠላው አምሮ ወጥቷል፣ ፊታቸው ግን ጨልሞ ሽብሽቡ እንኳን አይታይም። ቆጣሪው ከ12 አልፎ ስለሄደ ማንሳቴን ቀጥዬ ነበር፤ ከአሥራ ሁለተኛው ወዲያ ያሉት በሙሉ የሉም። የፊልሙንም ጠርዝ ዳርና ዳር ጭጋግ በልቶታል።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ፊልሙን ቤቴ ማጠብ እፈልጋለሁ፤ በሰፈራችን ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ይቻላል? ደግሞም አንድ ሰው ከ150 ሚሊ ሜትር ሌንስና ከሦስት የፊልም መያዣ ጋር የእንጨት 4 በ 5 ኢንች ካሜራ (በጥቅል ሳይሆን በዚያ መጠን በተቆረጠ ፊልም አንድ አንድ ምስል የሚያነሣ) ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ላሊበላ ሄጄ የማንሳት ሕልም አለኝ። አሁን ልግዛው?

መልስ፦ ቀይ መብራት (አዳማ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሃያ ሁለት ዓመት በፎቶ ቤት ስለሠራሁ ያንቺ ሦስት ችግር ለእኔ የቆየ ወዳጅ ነው።

ከቀላሉ ልነሣ። የኋላ ክዳኑን ስትከፍቺ ከውስጥ ፊልሙን የሚጫን ጥቁር ሳህን አለ። ይንሸራተታል፤ አንደኛው ቦታው ለ120፣ ሌላው ለ220 ነው። 220 ከጀርባው ወረቀት የሌለው፣ እጥፍ ርዝመት ያለውና 24 ምስል የሚይዝ ፊልም ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሳህኑ እዚያ ላይ ሲሆን ቆጣሪውም እስከ 24 ይሄዳል። አባትሽ በመጨረሻ ያነሱበት ፊልም 220 ሳይሆን አይቀርም። 12 የሚለው ላይ መልሺው። ስትጭኚም ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀስት ምልክት ከካሜራው ምልክት ጋር ካገጣጠምሽ በኋላ ብቻ ክዳኑን ዝጊና እስኪቆም አሽከርክሪ።

የጠርዙ ጭጋግ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራ ሳይሆን የእጅ ጥፋት ነው። 120 ፊልም እንደ 35 ሚሊ ሜትሩ ቆርቆሮ ቤት የለውም፤ ከብርሃን የሚጠብቀው ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለው ወረቀት ብቻ ነው። ስታወጪው በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ያዢው፣ ወዲያው አጥብቀሽ እሰሪው፣ ይህንንም በጥላ አድርጊው። ቢያንስ ጀርባሽን ለፀሐይ ስጪ።

አሁን ወደ ፊቱ። የብርሃን መለኪያ ሰው አያውቅም፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ብቻ የተሠራ ነው። አንቺ የለካሽው ነጠላውን ነው። መለኪያው «ይህ ነገር እጅግ ነጭ ነው፣ ላጨልመው» አለ፤ ነጠላውን ግራጫ ሲያደርግ የእናቶችን ፊት ጥቁረት ውስጥ ጣለው። ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ ባንድ ላይ የሚነሣበት አገር ፎቶ አንሺ መጀመሪያ መማር ያለበት ይህንን ነው። በዲጂታል የሚጠፋው ነጩ ነው፤ በነጋቲቭ ፊልም ግን የሚጠፋው ጥቁሩ ነው። ብርሃን ያልነካው ቦታ ላይ ምንም ስለማይቀረጽ በኋላ በማተም የሚመለስ ነገር የለም። ነጩ ግን ቢበዛበትም ነጋቲቩ ውስጥ አለ፤ ሲታተም ይገኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መዳፍሽን የሰዎቹ ፊት ባለበት ብርሃን ዘርግተሽ እሱን ብቻ ለኪ። መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ እርከን ያህል ስለሚነጣ ከለካሽው ላይ አንድ እርከን ብርሃን ጨምሪ፦ 1/250 ሰከንድ ካለሽ በ1/125 አንሺ። ባለ 400ውን ኤች ፒ 5 (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) ደግሞ መለኪያሽ ላይ 200 ብለሽ ሙዪው። ደግሞ ከቀትር ፀሐይ አውጪያቸው። በቀትር ፀሐይ ባለ 400 ፊልም ኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) ላይ 1/500 ይፈልጋል፤ የያሺካሽ የመጨረሻ ፍጥነት ደግሞ እሱው ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጫቸው፤ ፊታቸው ይለሰልሳል፣ ዓይናቸውም አይጨፈንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ካሜራ አንገት ያስደፋል። ሽማግሌ ፊት ጎንበስ ብለሽ ስታነሺ እጅ የምትነሺ ትመስያለሽ፤ ፊትሽም በካሜራ አይሸፈንም። እናቶች ለዚህ ካሜራ ፊታቸውን የሚሰጡበት ምክንያት አለ።

4 በ 5ቱን ግን አሁን አትግዢው ነው የምለው። መጀመሪያ አሥር ጥቅል በገዛ እጅሽ እጠቢ።

መልስ፦ መንገደኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኅቴ፣ ፊልም ለሚያመጡልሽ ዘመዶች ይህንን ንገሪያቸው፦ ፊልም በምንም ምክንያት በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ የዚያ ራጅ ያበላሸዋል። በእጅ ይያዝ፤ አሁን በየአውሮፕላን ማረፊያው የሚገቡት አዳዲስ ሲቲ የሚባሉ መፈተሻዎችም ፊልም ስለሚጎዱ ከካርቶኑ አውጥተው በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት አድርገው በእጅ እንዲፈተሽላቸው በትሕትና ይጠይቁ። ማጠቢያ ኬሚካልም የሚላክልሽ ከሆነ ዱቄቱን አስልኪ፤ ፈሳሹ አስቸጋሪ ነው።

መልስ፦ ሳፋ (አዲስ አበባ)

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ለአራት ዓመት አጥቤአለሁ። ይቻላል። ለአንድ ጥቅል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚበቃሽ ውሃ ከአራት ሊትር አይበልጥም።

የሚያስፈልግሽ ብርሃን የማያስገባ የማጠቢያ ታንክ፣ ወደ 120 ስፋት የሚከፈት የፕላስቲክ መጠቅለያ፣ ፊልም በጨለማ የሚጫንበት ጥቁር ከረጢት፣ ቴርሞ ሜትር፣ የሞባይል ሰዓት። መብራት ቢጠፋም ግድ የለም፤ ታንኩ ከተዘጋ በኋላ ሻማ አብርተሽም ትጨርሻለሽ።

ከሁሉ የሚከብደው መጫኑ ነው። ከአምስቱ አንዱን ጥቅል መሥዋዕት አድርጊውና በብርሃን፣ ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ከዚያ በከረጢቱ ውስጥ ደጋግመሽ ጫኚው። እኔ ይህንን ንቄ የወንድሜን ሠርግ ሁለት ጥቅል አጥፍቻለሁ፤ ፊልሙ ተጣጥፎ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጨረቃ የመሰለ ነጭ ቦታ ትቶ ወጣ። ወረቀቱን ስትፈቺ መጀመሪያ የምታገኚው ያልተለጠፈውን የፊልም ጫፍ ነው፤ የተለጠፈው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማጣበቂያውን በኃይል አትገንጥዪው፤ በደረቅ አየር ብልጭታ ይፈጥራልና በቀስታ ላጪው። መጠቅለያው ላይ የውሃ ጠብታ ካለ ፊልሙ አይገባም፤ ፍጹም ይድረቅ።

ለኤች ፒ 5 አይ ዲ 11 የሚባለው ዴቬሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሳይቀጠን በ20 ዲግሪ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ግማሽ ሊትር ይበቃል። በየደቂቃው መጀመሪያ በአሥር ሰከንድ ውስጥ አራት ጊዜ ታንኩን ገልብጪ፣ ከዚያ አስቀምጪው። ጠርሙሶቹን በሙሉ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ሙቀታቸው እንዲተካከል አድርጊ። አዲስ አበባ ለዚህ የተባረከች ናት፤ ውሃው ለ20 ዲግሪ ቅርብ ነው። ድሬዳዋ ስሠራ ግን በረዶ ሳፋው ውስጥ እጨምር ነበር፤ ዴቬሎፐሩ ውስጥ አይደለም። ከዚያ በውሃ አለቅልቀሽ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል)።

እጥበቱ ላይ ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማፍሰስ አያስፈልግም። ኢልፎርድ ራሱ የሚያስተምረው መንገድ አለ፦ ታንኩን በውሃ ሞልተሽ አምስት ጊዜ ገልብጪና ድፊ፤ እንደገና ሞልተሽ አሥር ጊዜ፤ እንደገና ሞልተሽ ሃያ ጊዜ። ሦስት ግማሽ ሊትር፣ አለቀ። ፊክሰርሽ ግን ማጠንከሪያ የሌለው ዓይነት መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ከነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አይደለም፣ ደኅና አድርገሽ አንብቢ!) አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረሽ ንከሪው፤ የውሃ ነጠብጣብ አይቀርበትም። ያገለገለውን ፊክሰር ብር ስላለበት ወደ ፍሳሽ አትድፊው፤ በጄሪካን አጠራቅሚ።

መልስ፦ ግልብጥ (ስቶክሆልም)

ከጋሼ ቀይ መብራት ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ካሜራው ጤነኛ ከሆነ ግዢው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አገር ቤት በየወሩ አይገኝም። ወደ ላሊበላ ለመውሰድ ግን አትቸኩዪ።

ከመክፈልሽ በፊት ሌንሱን አውልቀሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ሽንሽኑ (ሌንሱንና የካሜራውን ጀርባ የሚያገናኘው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ክፍል) አስገቢና ከውጭ ተመልከቺ፤ በተለይ ማዕዘኖቹን። እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ካለ ቀዳዳ ነው። ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መክፈቻና መዝጊያ) በየፍጥነቱ አድምጪ። የፊልም መያዣዎቹ መሸፈኛ ያልተጣመመ መሆኑን እዪ።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መያዣ ሁለት ፊልም፣ አንዱን በአንድ ፊት ይይዛል፤ ስለዚህ ሦስት መያዣ ስድስት ምስል ነው። ፊልሙ በጨለማ የሚታወቀው ጠርዙ ላይ በእጅ በሚዳሰሰው ክርክር (ተቆርጦ የወጣ ምልክት) ነው፦ ፊልሙን ቁመቱን ይዘሽ ክርክሩ ቀኝ እጅ ላይኛው ማዕዘን ከሆነ ብርሃን የሚቀበለው ፊት ወደ አንቺ ነው። የመሸፈኛው ነጭ ጎን ወደ ውጭ ከሆነ ፊልሙ አልተነካም፣ ጥቁሩ ከሆነ ተነሥቶበታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከማንም ጠላት በላይ ያጠቃኝ ሌንሱን ሳልዘጋ መሸፈኛውን መሳቤ ነው። ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ምስሉን ለማየት ሌንሱን ትከፍቻለሽ፤ ስትጨርሺ መዝጋቱን ትረሺዋለሽ። ዝጊ፣ አንዴ በባዶ ተኩሺ፣ ከዚያ ሳቢ።

ሌላው ስሕተት ቁጥር ነው። 150 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ለቅርብ ፊት ስትዘረጊው ሽንሽኑ 210 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንድ እርከን ካልጨመርሽ የአያትሽ ፊት ዳግመኛ ይጨልማል። ለራስ መሸፈኛ ጥቁር ጨርቅ አትግዢ፤ አሮጌ ጋቢ ላይ ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ስፊበት። ውጩ ነጭ ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልሽም፤ ውስጡ ጥቁር ስለሆነ ምስሉ ይታይሻል። ከስቶክሆልም እስከ ላፕላንድ በረዶ የተሸከምኩት የእናቴን ጋቢ ነው።

ላሊበላን በዚህ ካሜራ ማንሳት የሚገባበት እውነተኛ ምክንያት አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት ተፈልፍሎ ወደ 12 ሜትር የሚቆም ሕንፃ ነው፤ አንቺ የምትቆሚው ደግሞ ዙሪያውን በተቆፈረው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሌላ ካሜራ ቀና ስትዪ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ተያይዘው የሚወድቁ ይመስላሉ። በዚህ ግን ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ታንሸራትቺዋለሽ፤ ግድግዳው ጠራቢዎቹ እንዳቆሙት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው፤ ፊልም ለረጅም ጊዜ ሲነሣበት ስሜቱ ስለሚደክም መለኪያሽ 10 ሰከንድ ሲልሽ ኤች ፒ 5 የሚፈልገው 20 ያህል ነው፣ 30 ሲልሽ 85 ያህል። ፎማፓን 100 የሚባለው ሌላ ፊልም ከሆነ 10 ሰከንዱ 80 ይሆናል። ብልጭታ ግን በሥዕሎቹ ላይ አታብሪ፤ ካህናቱንም አስቀድመሽ አስፈቅጂ።

ጠያቂዋ፦ አሥራ ሁለት

ጋሼ፣ ሳህኑ እውነትም 24 ላይ ነበር። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያሽከረከረው እዚያ ላይ መሆኑን ሳውቅ ለጥቂት ጊዜ ሳልመልሰው ቁጭ አልኩ።

ሁለተኛውን ጥቅል በመዳፍ ለክቼ አነሳሁና ቤቴ አጠብኩት። የሁሉም ፊት አለ! የአያቴ ግንባር ላይ ያለው ንቅሳት መስመሩ ሁሉ ይቆጠራል። ነገር ግን ፊልሙን ወተት የመሰለ ነገር ሸፍኖታል። ተበላሸ? የ4 በ 5ቱን ሽንሽንም በባትሪ አየሁት፤ አንዱ ማዕዘን ላይ አራት ነጥብ ያበራል።

መልስ፦ ሳፋ

አልተበላሸም። ፊክሰሩ ሳይጨርስ አውጥተሽዋል ወይም ፊክሰሩ ደክሟል። በብርሃን ቢሆንም ግድ የለም፤ አሁኑኑ ትኩስ ፊክሰር ውስጥ መልሰሽ አምስት ደቂቃ አቆዪው፣ ከዚያ 5፣ 10፣ 20 ብለሽ እንደገና እጠቢው። ለወደፊቱ ከመጀመርሽ በፊት የፊልም ቁራጭ ፊክሰር ውስጥ ጣዪ፤ በስንት ሰከንድ ጥርት እንዳለ ቁጠሪና ፊልምሽን ለዚያ እጥፍ ጊዜ አቆዪው።

መልስ፦ ግልብጥ

አራት ነጥብ ይጠገናል። ጥቁር የጨርቅ ቀለም ከማጣበቂያ ጋር ደባልቀሽ በቀጭን ብሩሽ ከውስጥ ንኪው፤ ሲደርቅ ሽንሽኑን ዘርግተሽ እንደገና በባትሪ እዪ። ለሻጩም አሳዪው፤ ዋጋ የምታስቀንሺበት ምክንያት ነው።

መልስ፦ ቀይ መብራት

ግልብጥ አሸንፎኛል፤ ግዢው። በ4 በ 5ቱ መጀመሪያ የምታነሺው ግን ላሊበላን ሳይሆን አያትሽን ይሁን፤ በዚያው ዛፍ ሥር፣ በዚያው ብርሃን። ከያሺካው ምስል ጎን ስታስቀምጪው አዲሱ ካሜራ የጨመረውንና ያጎደለውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።