አስቸኳይ፦ እናቴ ሐሙስ ዋሽንግተን ትበራለች፤ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የማህል ሜዳዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ሐሙስ ማታ ከቦሌ ትበራለች፤ እኛም ሐሙስ ማለዳ እንነሳለን። ቲኬቱ መነሻ ኦገስት 21፣ 00:20፤ መድረሻ ዋሽንግተን ዱለስ 10:20 ይላል። ስቆጥረው 10 ሰዓት ነው። ስልኬ ግን ርቀቱን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለዋል። ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሰዓቱን ሳላውቅ እንዴት ላዘጋጅላት?

ሒሳብ ወዳጅ፦ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ስታካፍይው 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ቲኬቱ ተሳስቷል።

ከዋሽንግተን፦ አልተሳሳተም። ሰዓቱ የሚጻፈው እንደየአገሩ ነው። አሁን እኛ ከእናንተ 7 ሰዓት ወደኋላ ነን። 10 ላይ 7 ጨምሪ፤ 17 ሰዓት።

ሒሳብ ወዳጅ፦ 17 ከየት መጣ? አጎቴ ሲመጣ የፈጀበት 13 ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሲመጣ ነዋ! ሲሄድ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ያንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ከፍ ብሎ ያለው ነፋስ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመለስ ይገፋዋል። ዱለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል።

የመንዝ ልጅ፦ መንዝ ላደጉ እናት የአውሮፕላን ብርድ ምን አላት! ባናቸውን ይደርቡ እንጂ 😄 ኢንሱሊኑን ግን በሻንጣ እንዳትልኪው። በረዶ ከሠራ ተበላሸ ማለት ነው። በእጅ ቦርሳ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር።

የማህል ሜዳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የምትወጋበትን ሰዓትስ እንዴት ላድርገው?

ነርስ ነኝ፦ መጠኑን እዚህ ማንም እንዳይነግርሽ፣ እህቴ። የሚከታተላቸውን ሐኪም ደውለሽ 17 ሰዓት በረራና 7 ሰዓት ልዩነት እንዳለ ንገሪው። ፍልሰታን እየጾሙ ከሆነም አትደብቂው። የእጅ ሰዓታቸው እስኪደርሱ በአገር ቤት ይቆጠር። ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ የሚቀምሱት ከረሜላ ከእጃቸው አይጥፋ።

የደብረ ሲናው ሹፌር፦ ቆይ፣ ቆይ! ማንም አላየውም እንዴ? 00:20 ሐሙስ ማታ አይደለም፤ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነገ ሌሊት 6:20! ሐሙስ ጠዋት ብትነሱ አውሮፕላኑ ሄዷል።

ሒሳብ ወዳጅ፦ 21 እኮ ሐሙስ ነው።

የደብረ ሲናው ሹፌር፦ ነው። የፈረንጅ ሐሙስ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እህቴ፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ከማህል ሜዳ አዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነሐሴ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከወረደ የፊትህን መኪና መብራት እንኳ አታይም፣ በእግር እንደመሄድ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ቦሌ በር ላይ ይሁኑ።

የማህል ሜዳዋ፦ ወይኔ! ወንድሜ መናኸሪያ እየሮጠ ነው። በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባ ባናገኝስ?

የደብረ ሲናው ሹፌር፦ ደብረ ብርሃን ድረስ ባገኛችሁት ግቡ። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀራችሁ፣ መኪና አይጠፋም።

ዘግይቼ ያየሁ፦ ኢንሱሊኑን በእጅ ቦርሳ አድርጊላቸው፣ ሻንጣ ውስጥ አይሆንም! ደግሞ እንዴት 10 ሰዓት ይሆናል? ሩቅ አገር እኮ ነው።

ነርስ ነኝ፦ ተብሏል፣ ወንድሜ። የማህል ሜዳዋ፣ መኪና አገኛችሁ?